አርባ ስድስት ሚስማር

የሰፈሩ ሰው አናጢውን «ውሃ ልክ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ግንበኞች ናቸው፤ የሰቀለው በር አይዘምም፣ የተናገረው ቃል አይዛነፍም ለማለት ነው። አንድ ደንበኛ ቁም ሳጥን አሠርቶ «ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» ቢለው፣ «አንተን ቀብሮ ልጅህን ይድራል» አለው እየተባለ እስካሁን ይሳቅበታል። እሱ ግን በዚህ ስም ሲጠሩት ዞር ማለት ካስጠላው አራት ዓመት አልፎታል። የማይገባ ስም ተሸክሞ መዞር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የተሸከመው ብቻ ነው።

የሸክሙ ምንጭ ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ላይ የተቀመጠች አንዲት የእንጨት ሳጥን ናት። ከጫማ ካርቶን ታንሳለች፤ ክዳኗ በትንንሽ ማጠፊያ ይከፈታል፤ ውስጧ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ አሥራ አራት ክፍል ተሠርቶላታል። ለወንድ ልጁ ብሎ የሠራት ራሱ ነው። ልጁ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት አንድ ኪኒን፣ ማታ ሁለት ሰዓት አንድ ኪኒን ይውጣል። ሳጥኗ ከተሠራች ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልወደቀም። ከዚያ በሃያ አምስት ዓመቱ፣ አንድ ጠዋት ሊቀሰቅሱት ሲገቡ ትራሱ ላይ በፊቱ ተደፍቶ አገኙት።

በዓመቱ ታናሽ እህቱን ያው በሽታ ጣላት። እናትየው ሳጥኗን ከቡፌው አወረደችና ለልጅቱ ሰጠቻት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሳምንቱ ኪኒን አልቆ አሥራ አራቱም ክፍል ባዶ ይሆናል። እናትየው ሳጥኗን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላታለች፣ ትገለብጣታለች፣ ከዚያ ቀስ አድርጋ ትነቀንቃታለች። ባዶዋ ሳጥን ኮሽ ትላለች።

«አቤት ልጄ» ትላለች እናትየው። «አለን። እህትህም ደህና ናት።»

ድምፁ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ አየሩ በደረቀበት አንድ ወር ነው። መጀመሪያ አንዲት ቀጭን ኮሽታ ነበረች። ቆይቶ ሁለት ሆነች፣ ሦስት ሆነች። እናትየው ልጇ እየጠራት እንደሆነ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች፤ ከቀብሩ ወዲህ እህል በወጉ የቀመሰችውም ያን ቀን ነው። ውሃ ልክ «እስቲ አምጪያት፣ ማጠፊያዋ ላልቶ ይሆናል» ቢላት፣ ሳጥኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ «እንዳትነካት!» አለችው። አልነካትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቁርሱን ሳይጨርስ ወደ ሥራ ቤቱ መሮጥ ለመደ።

ልጅቱን ቤት ውስጥ «ሚጢ» ይሏታል። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከአባቷ ሥራ ቤት ፊት ለፊት ባለው ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። አንድ ማክሰኞ፣ ለምሳ ሲወጡ መንገዱን ተሻግራ መጣች፤ ከበርጩማው ላይ ሰጋቱራውን በእጇ ጠርጋ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ለእማዬ ግን ትንፍሽ እንዳትል።»

«ልታገቢ ነው እንዴ?» አለ መላጊያውን ሳያቆም።

«እሱንማ ለእማዬ ነበር የምነግራት፤ አንተ ታለቅሳለህ።» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ኪኒኑን ትቼዋለሁ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው» አለች።

መላጊያው ጣውላው ላይ እንደተቸከለ ቀረ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ አልጣለኝም። ጠዋት ጠዋት ራሴን ይከብደኛል፣ አንዱ ክር ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ባለፈው የሰው ቀሚስ በግልባጩ ሰፍቼ ሙሉ ቀን ስፈታ ዋልኩ። ጤነኛ ሆኜ ለምን እደነዝዛለሁ?»

«እናትሽ ስትውጪ ታይሽ የለም?»

«ታየኛለቻ! ከሳጥኗ አወጣለሁ፣ አፌ ጋ አደርሳለሁ፣ ውሃዬን እጠጣለሁ። ኪኒኑ ግን ኪሴ ይገባል። ቤት ባስቀምጠው እሷ አታጣውም፤ አንተ ጋ ይቀመጥልኝ።» እጇን ዘረጋች።

እሱ እምቢ ከማለቱ በፊት መዳፉ ተከፈተ። እጅ የለመደውን አይረሳም። አምስት ነጫጭ ኪኒኖች መዳፉ ላይ አረፉ።

«የኔ እናት፣ ተይ። ተመልሰሽ ጀምሪው። ይሄ በሽታ አይታመንም።»

«ወንድሜን አድኖታል?» አለች ሚጢ። ክፋት አልነበረባትም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው። «የጤና ጣቢያ ካርዱ እማዬ ጋ አለ፤ አንብቤዋለሁ። ሲስተር በእጇ ‹መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው በትክክል ወስዷል› ብላ ጽፋበታለች። በትክክል ወሰደ፣ ሞተ። እኔስ ዕድሜ ልኬን የማይጠቅመኝን ነገር ለምን እውጣለሁ?» ግንባሩን ሳመችው፤ መንገዱን ተሻግራ ሄደች።

ውሃ ልክ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ይህን ንግግር ከዚህ በፊትም ሰምቶታል፤ እዚሁ፣ በዚሁ ጠረጴዛ አጠገብ። ልዩነቱ ያን ጊዜ ነገሩን የጀመረው ልጁ አለመሆኑ ነው። አባቱ ነው።

ልጁ አብሮት ይሠራ ነበር። መሮ ሲይዝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረና አንድ ቀን የደንበኛ በር ሰነጠቀ። ውሃ ልክ በንዴት ጦፈ። «ይሄን ኪኒን ተወው እባክህ! ሁለት ዓመት ሙሉ ካልጣለህ ድነሃል። ጤነኛ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?» ልጁ ደስ አላለውም፤ «ሲስተርን ልጠይቃት?» አለ። «ሲስተር በር ሠርታ ታውቃለች?» አለ አባትየው፤ በራሱ ቀልድ ከት ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮው ውስጥ አለ። ምነው ያን ጊዜ ምላሱ በተቆረጠ!

ከዚያ ወዲያ ልጁ በየጠዋቱ ሥራ ቤት ሲገባ፣ የትናንት ማታዋንና የዛሬ ጠዋቷን ኪኒን ከኪሱ እያወጣ «እንካ አባዬ፣ ሁለት ሚስማር» ይለው ነበር። ከሚስማሩ ጋር ጣሳ ውስጥ ይጥሏቸዋል። እጁ መንቀጥቀጡን አቆመ፤ ሁለቱም ደስ አላቸው። ሃያ ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በሃያ አራተኛው ቀን ልጁ አልነቃም። አርባ አምስቱ ኪኒን ጣሳው ውስጥ ነበር፤ አርባ ስድስተኛዋን አባቱ ከሥራ ሱሪው ኪስ አገኛት።

ጤና ጣቢያው ደንብ አለው፤ በየወሩ በሽተኛው ብልቃጡን ይዞ ይመጣል፣ ሲስተር የተረፈውን ትቆጥራለች፣ ካርዱ ላይ ትጽፋለች። ከቀብሩ በኋላ ባዶውን ብልቃጥ የመለሰው ውሃ ልክ ነው። «ሳይወስደው የቀረ አለ?» አለችው ሲስተር አንገቷን ደፍታ። «ምንም» አላት። አንዲት ቃል ናት። ስትወጣ ቀላል ነበረች።

ኪኒኖቹን ሊጥላቸው ነበር። ሁለት ጊዜ ቆሻሻው ጋ ደርሶ ተመለሰ፤ ልጁ በእጁ የሰጠው የመጨረሻ ነገር እነሱ ናቸው። አናጢ ሰው ደግሞ የሚደብቀውን አይጥልም፣ ይለብጠዋል። የሳጥኗ ወለል ይጠገናል ብሎ ወስዶ፣ አርባ ስድስቱን ከወለሉ ሥር በኮላ አጣብቆ፣ ሌላ ስስ ወለል ደርቦ መታበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ኮላው በወጉ አልያዘም። ሲደርቅ ሲሰነጠቅ፣ ኪኒኖቹ አንድ በአንድ ይላቀቁ ጀመር። በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ የተላቀቀበት ያ ብቻ ነው።

ረቡዕ ዕለት ሥራውን ዘግቶ ጤና ጣቢያ ሄደ። ሲስተር ያው ናት፤ መነጽር ብቻ ጨምራለች።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ሚጢስ?»

«ደህና ናት። አንድ ጎረቤት አለኝ» አለ። «ይሄን ኪኒን በራሱ ጊዜ ቢያቆም ምን ይሆናል?»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በድንገት ካቆመው በሽታው ብሶ ሊመለስ ይችላል፤ ለሞትም ያደርሳል። የሚቆምበት ጊዜ እንኳ ቢኖር፣ ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚያስቀንሰው። ዛሬውኑ ይዘውት ይምጡ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅ እንኳ እየወሰደ ነው ያጣነው። ያልወሰደማ ምን ተስፋ አለው?»

ይኼኔ መናገር ይችል ነበር። አፉን ከፈተ። «እነግረዋለሁ» ብሎ ወጣ።

ሐሙስ የሲስተርን ቃል ለሚጢ ነገራት፤ «ሲስተር ለሁሉም ያንኑ ነው የምትለው፤ ለወንድሜም ብላዋለች» አለችው። አርብ ደግሞ በመስታወቱ አሻግሮ አያት። ልብስ ስፌት ማሽኑ ላይ ተቀምጣ፣ እጇ ጨርቁን እንደያዘ፣ ዓይኗ ግን የትም አልነበረም። ከናፍሯ ባዶውን ያላምጣል። ማሽኑ መስፋቱን ቀጥሏል፤ ጨርቁ ከጠረጴዛው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ይጠቀለላል። መንገዱን ሮጦ እስኪሻገር ነቃች።

«ምነው አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለችው። ለራሷ ምንም አልታወቃትም።

ያን ዕለት ማታ በልጅቱ ክፍል በር ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ሚስቱን አታለላት። ትንፋሿን ሲቆጥር፣ በየመካከሉ «ሁለት ሚስማር» የሚል የልጁ ድምፅ ይሰማው ነበር። ሰው ሁለት ልጆቹን በአንድ ቃል ይገድላል? አንዱን በመናገር፣ ሌላዋን በዝምታ?

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥራ ቤቱ አልሮጠም። ቁርሱን ጨርሶ ተቀመጠ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?» አለች ሚስቱ ሳጥኗን እየወለወለች። «ቅዳሜና አንተ ተጣልታችሁ አልነበር?» ሚጢ ብልቃጡን ይዛ አጠገቧ ተቀምጣለች። እናትየው ሳጥኗን ገለበጠች፣ ነቀነቀች። ኮሽ፣ ኮሽ።

«አቤት ል...»

«እሱ አይደለም» አለ ውሃ ልክ።

ሁለቱም ቀና አሉ። ከኮቱ ኪስ መሮውን አወጣ። ሚስቱ ሳጥኗን ወደ ደረቷ ስትወስድ እጇን ያዘው፤ አልጠነከረባትም፣ ለመናት። «ስጪኝ። ስለሚጢ ብለሽ ስጪኝ።»

መሮውን በወለሉ ጠርዝ አስገብቶ አንድ ጊዜ ጠመዘዘው። ስሱ ወለል ቀጭ ብሎ ተነሳ። ኪኒኖቹ የላስቲክ ምንጣፉ ላይ ተዘረገፉ፤ ቢጫ ሆነዋል፣ አንዳንዱ የኮላ ቅርፊት ይዟል።

«የልጃችን ናቸው» አለ። «አልዋጣቸውም። ተወው ያልኩት እኔ ነኝ። እጁ ተንቀጠቀጠ ብዬ፣ ለአንድ የሰው በር ብዬ። ለሲስተርም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሚጢ፣ መድኃኒቱ ወንድምሽን አልከዳውም። እኔ ነኝ የከዳሁት።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «እሷም ትታዋለች። ሰባተኛ ቀኗ ነው። በዚያው በወንድሟ መንገድ ነው የሄደችው፤ ካርዱን አምና» አለ።

ሚጢ ኪኒኖቹን በጣቷ እያንሸራተተች መቁጠር ጀመረች። አርባ ስድስት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ማክሰኞ» አለች። «ማክሰኞ ኪኒኑን እጅህ ላይ ሳደርግልህ ታውቅ ነበር። አምስት ቀን ዝም አልከኝ!» ሚጢ ከብልቃጡ አንዲት ኪኒን አወጣች፤ በእናቷ ፊት አፏ ውስጥ አድርጋ ዋጠች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

እናትየው ግን ኪኒኖቹን ብቻ ነበር የምታየው።

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ» አለች ቀስ ብላ፣ «ማን ነበር የሚጠራኝ?»

ውሃ ልክ በዚህ ምድር ላይ የሚፈራው ጥያቄ ይሄ ብቻ ነበር። እሷ ኪኒኖቹን አንድ ሳታስቀር በመሐረብ ቋጥራ፣ ባዶዋን ሳጥን አቅፋ፣ ወደ ሟቹ ልጇ ክፍል ገባች።

ያኑ ጠዋት አባትና ልጅ ጤና ጣቢያ ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ሚጢ አንዲት እርምጃ ቀድማው ነበር የምትሄደው። ሲስተር ሁሉን ሰማች። ለሚጢ ያመለጣትን ላካክስ ብላ ደርባ እንዳትውጥ ነገረቻት፤ የአርቡን መፍዘዝ ስትሰማ ለሐኪሙ አቀረበቻት። «መደንዘዙን ብትነግሪኝ እኮ መጠኑ ይስተካከልልሽ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለዚህ አይደል? ወንድምሽም እጁ መንቀጥቀጡን ቢነግረኝ...» ብላ አረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። ውሃ ልክ ግን ጨረሰው፤ በልቡ፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል።

ይዘውት የመጡትን የልጁን ካርድ ተቀበለቻቸው። የራሷን ጽሕፈት አየችው፤ አንድ መስመር ሰረዘችበት። «ኪኒኖቹን ያምጧቸውና ይወገዱ፤ ጊዜያቸው አልፏል» አለች። በዚያ ቀን ጋሼ አላለችውም።

ሚስቱ ሳምንቱን ሙሉ ቃል አልተነፈሰችለትም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፤ ዓይኗ ግን በእሱ ላይ አያርፍም። ከሁሉ የከበደው ቤቱ ውስጥ የወረደው ጸጥታ ነው። ያን ድምፅ አራግፎ ከጣለው እፎይ የሚል መስሎት ነበር። አሁን ሳጥኗ ዝም ስትል፣ ልጁ ገና ዛሬ የሞተ መሰለው።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቤቱ ጨለም አለ፤ ቀና ሲል ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች። ልጇ ከሞተ ወዲህ እዚህ ረግጣ አታውቅም። ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አጠገቧ የመሐረቡን ቋጠሮ።

«መልሰህ ክተታቸው» አለች።

«ሲስተር ይወገዱ ብላለች።»

«በዚህ ነገር የሚያዘኝ ሰው አልፈልግም። የልጄ እጅ የነካቸው ናቸው። እኔ ሳላውቅ ለብጠሃቸዋል፤ አሁን እያወቅኩ ለብጣቸው። በደንብ ድፈነው፣ ለሚጢ ኪኒን እንዳይደርስ።»

ስስ ጣውላ መረጠ፣ ለካ፣ ቆረጠ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሸ። እሷ ቆማ ታየዋለች። ቋጠሮውን ፈትቶ ኪኒኖቹን የተገለበጠችው ሳጥን ወለል ላይ አፈሰሰ፤ ከልማዱ እጁን ወደ ኮላው ሰደደ።

«እነሱን በኮላ እንዳታጣብቃቸው» አለች ሚስቱ።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እኔ ሁለት ዓመት አቤት ብያለሁ» አለች። «አሁን ተራው ያንተ ነው።»

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሦስቱም ቡፌው አጠገብ ነበሩ። ሚጢ አዲሱን መጠን ከብልቃጡ አውጥታ ዋጠች፤ ከዚያ ለአባቷ አፏን ከፍታ ምላሷን አነሳች፣ ከሥሩም ምንም እንደሌለ አሳየችው። ይህን ማንም አላዘዛትም። ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ አባዬ ብላ አልጠራችውም፤ አፏን ግን በየቀኑ ትከፍትለታለች።

እናትየው ሳጥኗን ወለወለች፣ ገለበጠች። ከዚያ ወደ ባልዋ ዞረች። በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው፤ እያየችው ሳጥኗን ነቀነቀች። አርባ ስድስቱም አንድ ላይ ጮኹ።

እናትየው ዝም አለች። ሚጢም ዝም አለች። ሁለቱም እሱን ይጠብቃሉ።

ውሃ ልክ ከወንበሩ ተነሳ።

«አቤት» አለ። «አቤት፣ ልጄ።»